የተዘጋ በርና የሹም በትር

ምስጋና የልብን ምስጢር ብቻውን ለሚያውቅ፣ የባሮቹን ነውር በመጋረጃው ለሚሸፍን፣ ፍርዱ ከግፍ ለጠራ ለአላህ ይገባው። እዝነትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ አንባቢ ሆይ! ይህን ጽሑፍ በጐንደር ከተማ በአዲስ ዓለም ሠፈር ተቀምጠህ ታነበው እንደ ሆነ፣ ወይም በዳባትና በደባርቅ ብርድ ጋቢህን ተከናንበህ ታነበው እንደ ሆነ፣ አስቀድሜ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። ሌሊት ነው እንበል፤ በርህ ተዘግቷል፤ በደጅህም የሹም ሎሌ በትር ይዞ ቆሟል። በርህን የሚመታው ሰርቀሃል፣ ወይም ሰው ገድለሃል ብሎ አይደለም፤ በቤትህ ውስጥ የምታደርገው ነገር በፈጣሪ ዘንድ የተጠላ ነው ብሎ ነው። እንግዲህ ፍረድ። ለዚህ ሎሌ ይህን በር ይሰብር ዘንድ ሥልጣን የሰጠው ማን ነው? ፈጣሪ ነውን? ወይስ በፈጣሪ ስም የሚናገር ሰው?

የዚህች አጭር ምክር ጉዳይ ይህ ነው። የምንመረምረውም ብዙ ሰው ሊናገርበት በማይወደው ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም ወንድ ሆኖ ወንድን፣ ሴትም ሆና ሴትን በማፍቀር የሚታወቁ ሰዎች በሃይማኖት ሕግ ስም በመንግሥት እጅ ስለሚደርስባቸው መከራ ነው። ጆሮህን አትድፈን። ፍርድ የሚፈተነው ለምንወደው ሰው ስንፈርድ አይደለም፤ ለምንጸየፈው ሰው ስንፈርድ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ጥያቄዎችን እንለይ፤ ሰው የሚስተው እነዚህን ሁለት ስለሚያደባልቅ ነውና። አንደኛው ጥያቄ፦ ይህ ነገር በሃይማኖት የተፈቀደ ነው ወይስ የተከለከለ? የሚል ነው። ለዚህ የቀደሙት ዑለማዎች መልስ የታወቀ ነው፤ እኔም በዚህች ገጽ አልከራከርበትም። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ መንግሥት ይህን ነገር ፍለጋ በሰው ቤት እየዞረ ያስር ዘንድ፣ ይገርፍ ዘንድ፣ ይገድል ዘንድ መብት አለውን? የሚል ነው። የመጀመሪያውን የመለሰ ሁለተኛውንም የመለሰ ይመስለዋል። አልመለሰም። ሐሜትና ኩራት በሃይማኖት የተከለከሉ ናቸው፤ ነገር ግን ሐሜተኛን ለመያዝ ከመስኮት ሥር የሚያደባ ወታደር ያቆመ መንግሥት አላየንም።

የአገራችንን ነገር እንመልከት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ600ኛው አንቀጽ፣ እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በ629ኛው አንቀጽ፣ ወንድ ከወንድ ወይም ሴት ከሴት ጋር የሚፈጽሙትን ግንኙነት በወንጀልነት መዝግበውታል። ቅጣቱ እስራት ነው፤ የሚያከብድ ምክንያት ሲገኝም ወደ ጽኑ እስራት ይሸጋገራል። ሁለቱ ሰዎች አካለ መጠን ያደረሱና በፈቃዳቸው የተገናኙ መሆናቸው ነፃ አያወጣቸውም። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የክርስቲያኑና የእስላሙ የሃይማኖት አባቶች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ነገሩ በሕገ መንግሥት ጭምር እንዲከለከል ጠየቁ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በዚህ የተፈረደበት ሰው ይቅርታ እንዳያገኝ የሚያደርግ ረቂቅ ቀርቦ ነበር፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር መንግሥት አሳቡን ተወው፤ ተቃውሞ ለማሰማት የታሰበውም ሰልፍ ቀረ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የሰላምና የጸጥታ ቢሮ ድርጊቱ ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ ርምጃ መውሰድ መጀመሩን ባስታወቀ ጊዜ፣ ነገሩ በሰውም በፈጣሪም ዘንድ የተጠላ መሆኑን በመግለጫው ላይ አስገባ። በዚያው ዓመት ቲክቶክ በሚባለው መገናኛ የሰዎች ፎቶግራፍና ስም እየተበተነ ይደብደቡ የሚል ጥሪ ይሰማ ነበር።

አስተውል! የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ በ26ኛውም አንቀጽ የሰውን ቤትና የግል ኑሮ ከመበርበር ይጠብቃል። በአገራችን ያሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም የተሰጣቸው ሥልጣን በጋብቻ፣ በውርስና ይህን በመሳሰለ ጉዳይ፣ ያውም ባለጉዳዮቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። እንግዲህ የጐንደር ቃዲ በማንም ላይ የወንጀል ቅጣት ሊፈርድ ሥልጣን የለውም። ታዲያ የጸጥታ ሹም በፈጣሪ ስም ሲናገር፣ ቃዲውም ቄሱም ያልተሰጣቸውን ሥልጣን ከየት አገኘው?

ምናልባት፦ ይህ ነገር እኛን እስላሞችን ምን አገባን? ትል ይሆናል። እኔም እመልስልሃለሁ፤ በኢትዮጵያ ምድር በሃይማኖት ሕግ ስም በሩ ሲመታበት የኖረ ሰው ቢኖር የአንተ አያት ነው።

በ1660ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በጐንደር ጉባኤ አስቀምጠው እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲቀመጡ ተወሰነ። ፈላሻ ይባሉ የነበሩት ቤተ እስራኤሎችም እንዲለዩ ተደረገ፤ የካቶሊክን እምነት የያዙ ፈረንጆች ደግሞ ወይ እምነታቸውን ለውጠው እንዲቀመጡ፣ ወይ አገር ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። የእስላሙ ሠፈር ከነገሥታቱ ግንብ ርቆ በዝቅተኛው ወገን፣ በቀሃ ወንዝ አጠገብ ሆነ፤ እስላም ቤት ተባለ፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ነው። አያትህ የርስት ባለቤት መሆን ስላልተፈቀደለት ንግድንና ሽመናን ያዘ። ሰማይ ዐምድ የለው፣ እስላም አገር የለው፤ የሚለውም አባባል በአገሩ ላይ ተዘመተበት። ይህን የወሰኑት ሰዎች ክፉ ሥራ እንሠራለን አላሉም፤ የሃይማኖትን ንጽሕና እንጠብቃለን አሉ እንጂ።

ከዚያም በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራብዓይ በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ፤ እስላሞችም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዘ። ከጐንደር ብዙ ሰዎች ልጆቻቸውንና ዕቃቸውን ይዘው ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዱ። መሰደድ ያልቻሉት ቀን በአደባባይ ክርስቲያን መስለው፣ ሌሊት በጓዳቸው በር ዘግተው ሰገዱ። አንባቢ ሆይ! ያን ጓዳ በዓይነ ልቡናህ ተመልከት። አባት በዝግታ ተክቢራ ያደርጋል፤ እናት በበሩ ሥር ሆና የእግር ኮቴ ታዳምጣለች፤ ልጁ በጎረቤት ቤት ያየውን እንዳይናገር ይገሠጻል። ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ሌባ ሆኖ ይኖራል፤ የሰረቀው ግን የራሱን ሕይወት ነው።

ወንድሜ ሆይ፤ ታሪክን በአንድ ዓይን ብቻ አንመልከት። በጥር 1880 ዓ.ም. የመሕዲ ወገኖች በሐምዳን አቡ ዐንጃ መሪነት ከመተማ በኩል ጐንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ፤ ብዙ ሰውም ማረኩ። እነዚያም በእስላም ስም መጡ፤ የአላህን ሕግ እናቆማለን አሉ። በትሩ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ተላለፈ እንጂ በትርነቱን አልተወም። በሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. እንኳ በዚሁ በጐንደር በመቃብር ስፍራ፣ የታወቁ ሸኽ በሚቀበሩበት ሰዓት፣ ከቀብር ሊመለሱ የሚገባቸው ሰዎች ተገድለው ቀሩ። የሞቱትም ከ20 በላይ እንደ ሆኑ የክልሉ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት አስታወቀ። ስለዚህ የጐንደር ልጅ፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ሃይማኖት የበትር መያዣ ሲሆን ምን እንደሚከተል ከሌላ አገር መጽሐፍ ሊማር አያስፈልገውም።

አሁን ግን ትቈጣ ይሆናል። የአባቶቼን ሶላት ከዚህ ነገር ጋር ታስተካክላለህን? ትላለህ። አላስተካክልም። ሶላት ዒባዳ ነው፤ ያኛው ነገር አንተ ኀጢአት የምትለው ነው። እኔ የማስተካክለው የሁለቱን ሥራ ሳይሆን በሁለቱ በር ላይ የሚያርፈውን በትር ነው። የዮሐንስ ሹም በአያትህ ደጅ ሲቆም እርሱም በዓይኑ ያየው ኀጢአትን ነበር። የቤቱ ጌታ ትክክል ይሁን አይሁን አልመረመረም፤ የእኔ ሃይማኖት ይህን ጠልቷል፣ ሥልጣኑም በእጄ ነው ብሎ መጣ። ይህ ምክንያት ለመንግሥት በቂ ነው ካልህ፣ ያን ጊዜም በቂ ነበር ማለትህ ነው። በቂ አልነበረም ካልህ ደግሞ፣ ዛሬም በቂ አይደለም።

ወደ ራሳችን ሸሪዓ እንመለስ። ክቡር ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ምእመናን አንዱ በሌላው ላይ ከመጠርጠርና ከመሰለል እንዲርቁ አዟል፤ በሱረቱ ኑርም ሰው ወደ ሌላው ቤት ሳያስፈቅድና ሰላም ሳይል እንዳይገባ ከልክሏል። እነዚህ ትእዛዞች ለጎረቤት ብቻ የተሰጡ ይመስሉሃልን? ስለ ሰይዲና ዑመር፣ አላህ ይውደዳቸውና፣ የሚነገረውን አድምጥ። ኸሊፋው በመዲና ሌሊት ሲዘዋወሩ ከአንድ ቤት የዘፈን ድምፅ ሰሙ፤ በግንቡም ተንጠላጥለው ቢገቡ ሰውየውን ከመጠጥ ጋር አገኙት። ሊቀጡትም ባሉ ጊዜ ሰውየው፦ እኔ አላህን በአንድ ነገር ባምፅ እርስዎ በሦስት ነገር አምፀዋል፤ ሰለሉ፣ በበር ሳይሆን በግንብ ገቡ፣ ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ ከሰው ቤት ተገኙ፤ ብሎ መለሰላቸው ይባላል። ኸሊፋውም ትተውት ሄዱ። ልብ አድርግ! መጠጡ ሐላል አልሆነም፤ የኸሊፋው እጅ ግን ታጠፈ። ዑመርን የሚያህል ሰው የታጠፈለትን ሕግ፣ የዛሬ ጸጥታ አስከባሪ በምን ቁመቱ ይሻገረዋል?

በባግዳድ የኖሩት ታላቁ ፈቂህ አል ማወርዲ ስለ መንግሥት አስተዳደር በጻፉት መጽሐፍ፣ የገበያና የምግባር ተቈጣጣሪ ያልተገለጠውን ክልክል ነገር ፈልቅቆ ሊያወጣ እንደማይገባው አስረድተዋል። ለዚህም ያወጡት ልዩ ነገር አለ፤ ሰው ሊገደል ወይም ከሴት ጋር ዝሙት ሊፈጸም መሆኑን የታመነ ሰው ሲናገር፣ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ሊጠገን ስለማይችል መግባት ይቻላል ብለዋል። እንግዲህ በእርሳቸው ቃል በርን የሚያስከፍተው ሊጠገን የማይችል ነገር ሊደርስ መሆኑን የታመነ ሰው ሲያስታውቅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያልተነገረበት በር ግን ለባለቤቱና ለፈጣሪው ይተዋል።

ስለ ምስክርነትም እንናገር። በዝሙት ለመፍረድ አራት ምስክሮች፣ ነገሩን በዓይናቸው በግልጥ ያዩ፣ እንዲቆሙ ታዟል። አራት ሳያቀርብ በሰው ክብር ላይ የተናገረ ግን እርሱ ራሱ 80 ግርፋት ይገረፋል፤ ምስክርነቱም አይታመንም። አራት ቅን ሰዎች በተዘጋ ቤት ውስጥ ያለውን ነገር በዓይናቸው ሊያዩ እንዴት ይቻላቸዋል? አይቻላቸውም። ሕጉ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ዐውቆ ነው። ማዒዝ የተባለው ባልደረባ ራሱ ወደ ነቢያችን መጥቶ ኀጢአቱን ሲናገር ፊታቸውን ደጋግመው እንዳዞሩበት፣ እንዲናዘዝ የመከረውንም ሰው በልብስህ ብትሸፍነው በተሻለህ ነበር በሚል አሳብ እንደ ገሠጹት የሐዲስ ሰዎች ዘግበዋል። ይህ ሁሉ ሲታይ የሸሪዓ ፍላጎት የበደለኛ ቍጥር ማብዛት ነው ወይስ መሸፈን? አንተው ፍረድ። ጥቆማ ተቀባይ ስልክ የሚያቆም፣ በስማ በለው ስም የሚበትን ሰው፣ በቀደመው ዳኛ ፊት ቢቀርብ 80ውን ግርፋት የሚቀበለው እርሱ ነበር።

ይሁን እንጂ የአንባቢው መልስ ገና አላለቀም። በፊቅህ መጻሕፍት የሞት ፍርድ ተጽፎ የለምን? ትላለህ። አዎን፣ ተጽፏል፤ አልሸሽገውም። የኢማሙ ማሊክ መዝሀብ በወንዶች መካከል በሆነው ነገር ላይ እጅግ የከበደውን ቅጣት ይዟል፤ የሻፊዒ መዝሀብም በዝሙት መስፈርት ፈርዶበታል። ነገር ግን ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ይህ ነገር የተወሰነ ሐድ የለበትም፤ ተዕዚር ማለት ዳኛው የሚመጥነው ተግሣጽ ብቻ ነው ብለዋል። የአንዳሉሱ ኢብን ሐዝምም ከሐድ ውጭ አድርገውታል። ዑለማዎች በቅጣቱ ዓይነት ይህን ያህል የተለያዩበት ምክንያት ምንድን ነው? የማያሻማ ትእዛዝ ቢኖር ኖሮ ባልተለያዩ ነበር። ጥርጣሬ ሲኖር ሐድ ይገፋ የሚለው ደንብ ደግሞ በአራቱ መዝሀቦች ዘንድ የታወቀ ነው። ሊቃውንት የተለያዩበትን ነገር ይዞ የሰውን ደም ማፍሰስ የአላህን ሕግ ማቆም አይደለም፤ ከተለያዩት ቃላት መካከል የከበደውን መርጦ በአላህ ስም መጥራት ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1858 የኦቶማን መንግሥት፣ በሡልጣኑ የኸሊፋነት ማዕርግ ይጠራ የነበረው፣ ያወጣው የወንጀል ሕግ በፈቃድ የሆነውን ይህን ነገር በወንጀልነት አልመዘገበውም። ያን ጊዜ በኢስታንቡል መስጊዶች አልፈረሱም፤ አዛንም አልተቋረጠ።

አሁን ደግሞ መንግሥታት ይህን በትር ሲይዙ ምን እንዳደረጉበት ከታሪክ እንይ። በአገራችን ለብዙ ዘመን የፍርድ መሠረት የነበረው ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ፣ በክርስቲያኑ ሊቅ በኢብን አል ዐሳል፣ በዐረብኛ የተዘጋጀ ነው፤ በውስጡም የሮም ነገሥታት ሕግ ገብቶበታል። ከነዚያ ነገሥታት አንዱ ዩስጢንያኖስ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ6ኛው መቶ ዓመት፣ እንዲህ ባለ ኀጢአት ምክንያት ረኃብ፣ የምድር መንቀጥቀጥና ቸነፈር ይመጣል ብሎ ሕግ አወጣ። የዚያው ዘመን ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ግን የሆነውን ሲገልጥ፣ ከሳሽ ሳይኖር በአንድ ሰው ወይም በአንድ ልጅ ቃል ብቻ ሰዎች ይፈረድባቸው እንደ ነበር፣ ሕጉም ይልቁን በንጉሡ ተቃዋሚዎችና ሀብታቸው በተፈለገ ሰዎች ላይ እንደ ዋለ ነግሮናል። ረኃቡና ቸነፈሩም ከሕጉ በኋላ አልቀረም፤ ሕጉ ከወጣ ጥቂት ዓመት በኋላ ታላቅ ወረርሽኝ ቍስጥንጥንያን መታ።

ከመተማ ማዶ ያለችውን ሱዳንንም ተመልከት። ጃዕፈር ኑሜሪ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1983 የሸሪዓ ሕግ ነው የተባለውን ዐወጀ። በጥር 1985 መሕሙድ ሙሐመድ ጣሃ የተባሉት የ70 ዓመት ዕድሜ ያለፉ ሽማግሌ፣ ያን ሕግ ስለ ተቃወሙ፣ ከሃይማኖት ወጥተዋል ተብለው ተሰቀሉ። በ1986 የሱዳን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱ ዋጋ የለውም ብሎ ሻረው፤ ሰውየው ግን ከመቃብር አልተመለሱም። በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ በ148ኛው አንቀጽ ወንድ ከወንድ ጋር ለሚያደርገው ግንኙነት ግርፋትና እስራትን፣ በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ሞትን ወይም የዕድሜ ልክ እስራትን ወሰነ። በሐምሌ 2020 ግርፋቱና ሞቱ ከአንቀጹ ተነሡ፤ እስራቱ ብቻ ቀረ። እስቲ ልጠይቅህ፦ የአላህ ሕግ በ1991 መጥቶ በ2020 ሄደን? አይደለም። የመጣውና የሄደው የመንግሥት ፈቃድ ነው። መንግሥት ሲያስፈልገው ሕጉን የአላህ ይለዋል፤ ሳያስፈልገው ይሽረዋል። በመካከሉ የተገረፈው ሰው ጀርባ ግን ጠባሳውን ይዞ ይቀራል።

ስለ ሕፃናትና ስለ ተደፈሩ ሰዎችስ? ብለህ ብትጠይቅ መልካም ጠይቀሃል። ልጅን የሚያበላሽ፣ ሰውን በግድ የሚደፍር፣ ወንድም ሴትም ይሁን፣ በጽኑ ሊቀጣ ይገባዋል። ለዚህም የወንጀል ሕጉ በ626፣ በ627ና በ631ኛው አንቀጾች፣ አካለ መጠን ባላደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸመውን በደል ለብቻው ደንግጎበታል። 629ኛው አንቀጽ ግን ተበዳይ አይጠይቅም። ይልቁንም ተበዳይን ዝም ያሰኛል፤ ይህ ነገር ያለበት ሰው ቢደበደብ፣ ቢዘረፍ፣ ወይም ገንዘብ አምጣ አለዚያ አጋልጥሃለሁ ቢባል፣ ወደ ፖሊስ ሄዶ ሊከስ አይችልም፤ ክሱ በራሱ ላይ መናዘዝ ይሆንበታልና። ቢታመምም ለሐኪሙ እውነቱን ለመናገር ይፈራል። እንዲህ ያለ ሕግ ኀጢአትን አያጠፋም፤ ለቀማኛ የማይከሰስበትን ሰው ያዘጋጅለታል እንጂ።

እነዚህ ሰዎች በመካከላቸው ራሳቸውን ዜጋ ብለው እንደሚጠሩ ታውቃለህን? ሌላ ስም ሊመርጡ ይችሉ ነበር። የመረጡት ግን የአገር ልጅነትን የሚያሳይ ቃል ነው። አያትህም በቦሩ ሜዳ ዘመን ቢጠየቅ ኖሮ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አይለምንም ነበር፤ ፈረሱንም ሹመቱንም ሳይሆን፣ በአገሩ ላይ ሳይታደን መቀመጡን ይለምን ነበር። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወጡት እስላሞችና ደጋፊዎቻቸው የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች ተብለው እንደ እንግዳ ከመጠራት ወጥተው ኢትዮጵያውያን እስላሞች ተብለው እንዲቈጠሩ ነው።

የመጨረሻው መከራከሪያህ የሉጥ ሕዝብ ታሪክ እንደሚሆን ዐውቃለሁ። ስለዚያ ታሪክ ዑለማዎች ብዙ ተናግረዋል፤ እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ አሳይሃለሁ። ነቢዩ ሉጥ፣ ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን፣ በቤታቸው እንግዶች ነበሩ። የከተማው ሰዎች ተሰብስበው እየተንጋጉ ወደ በሩ መጡ፤ እንግዶቹን በግድ ሊወስዱ ፈለጉ። ነቢዩም በር ላይ ሆነው ጨነቃቸው፤ እንግዶቼን አታዋርዱብኝ ሲሉ ለመኑ። የዚያች ሌሊት ሥዕል ይህ ነው፤ የተዘጋ በር፣ በውስጥ ደካሞች፣ በውጭ ደግሞ ኃይሉን የተማመነ ሕዝብ። ቅጣቱ የወረደው በየትኛው ወገን ላይ ነበር? በውጭ በቆመው ላይ ነው። እንግዲህ በሌሊት የሰውን ቤት ከብቦ አውጣልን፣ እንድንደበድበው ስጠን የሚል ሰው፣ የነቢዩን ቦታ የያዘ ይመስለዋል፤ እግሮቹ የቆሙት ግን በዚያ በሌላው ቦታ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ! የምመክርህ ከባድ ነገር አይደለም። ልብህ ያልተቀበለውን ተቀበል አላልሁህም። ልጅህን በሃይማኖትህ አስተምር፤ ነፍስህን ጠብቅ፤ ለምታዝንለትም ሰው በጓዳህ ዱዓ አድርግለት። ነገር ግን ጥቆማ አትስጥ፤ በሰው ክብር ላይ የተበተነ ወሬ በእጅህ ቢገባ ከእጅህ አይለፍ። ሰው ሲደበደብ ብታይ፣ ለምን ተደበደበ ሳትል አስጥለው። መንግሥትም በሃይማኖትህ ስም በር ሊሰብር ቢመጣ፣ ስሙን አታውሰው፤ ይህ ስም ከዚህ ቀደም በዚህች ከተማ በአንተ በር ላይ ውሎ ነበርና።

አንድ ቀን ሁላችን በማይዘጋ በር ፊት እንቆማለን። በዚያ ቀን የጎረቤታችን ኀጢአት በእኛ መዝገብ አይጻፍም፤ በጎረቤታችን ላይ ያደረግነው ግፍ ግን አንድ ሳይጐድል ይገኛል። አላህ ለራሱ የሚገባውን መብት ከፈቀደ ይምራል፤ የሰውን መብት ግን ባለመብቱ ይቅር ካላለ በቀር እንደማይተወው የሃይማኖት ሰዎች ሁሉ ያስተምራሉ።

አላህ ሆይ! ነውራችንን ሸፍንልን፤ የሌላውንም ነውር እንድንሸፍን አድርገን። ከበዳዮች ወገን አታድርገን፤ ለበዳዮችም በትር ከሚያቀብሉት አታድርገን። ለተሰደዱት መጠጊያ፣ ለፈሩት ጸጥታ፣ ለፈራጆቻችንም ማስተዋልን ስጥ። አሚን።